ማስቀመጥ አልተቻለም

ቅናት መጀመሪያ የሚገባው በዓይን አይደለም፤ በጆሮ ነው። ሌንስ ሞራጇ ይህን የተማረችው በመሞረጃ ማሽኗ ፊት ቆማ፣ ድንጋዩን አስቁማ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ትንፋሿን ውጣ ስታዳምጥ ነው።

«አስቀምጥ ስለው እንደገና እምቢ አለኝ» ይላል የዓይን ሐኪሙ በስልክ። «አዎ፣ ያው ነው የሚለው። ‹ካርዱን ማስቀመጥ አልተቻለም።› አጥፍቼ አበራሁት እኮ። ምንም አልነካሁም፣ ኧረ በእግዜር።» ከዚያ ሳቀ። «እሺ፣ ቀርፋፋ ነኝ፣ አምኛለሁ። ብቻ ነይልኝ።»

ነይልኝ። ሞራጇ ያቺን ቃል እንደ ሌንስ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን ያነሣቻት ያህል አገላብጣ አየቻት። «ነይ» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ጅራቷን ምን አስቀጠለው?

ሐኪሙ ፊት ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሾፌር ተቀምጧል። «ዶክተር፣ ዓይኔን አየኸው፣ ቁጥሬን አወቅኸው» አለ። «ሣጥኑ ካላመነህ በወረቀት ጻፍልኝና ልሂድ። በስልክ ያለችው እንደሆነ አምናሃለች።»

ሐኪሙ አሁንም ሳቀ። ከመጋረጃው ወዲህ ሞራጇ አልሳቀችም። ድንጋዩን መልሳ አስነሣችው፤ በእጇ የያዘችው መስታወትም ከወትሮው በላይ ጮኸ።

የመነጽር ቤቱ በመጋረጃ የተለየ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ግድግዳውን የሞሉት ፍሬሞች፣ መስታወቶቹ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርደው የፊደል ሰሌዳና ባንኮው አሉ። በኋለኛው የሞራጇ ጠረጴዛ፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት ድንጋይ፣ የሌንስ መሳቢያዎችና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ላይኛው ፎቅ ላይ የሐኪሙ እናት ይኖራሉ። ቤቱን ያቋቋሙት ባላቸው ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ነበር የሚላቸው። ሞራጇ ልጅ እግር ሳለች ወለል ልትጠርግ ስትመጣ፣ መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብለው ሌንስ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። «ጉንዳን» ብለውም ስም አወጡላት። «ጉንዳን ቆማ አይቻት አላውቅም» ይሉ ነበር።

አባባ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ ሕጋቸውም አንዲት ብቻ ነበረች። ሰው አዲሱን መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ወደ ሰሌዳው ተመልክቶ፣ በገዛ አፉ «አየሁ» ሳይል ካርዱ አይዘጋም። በኮምፒውተሩ ካርድ ላይ «ተረክቧል» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። «አየሁ» ከተባለ በኋላ እዚያ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ «አስቀምጥ» ይጫናል፤ ያ ሰው አለቀለት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሞራጇ ቸኩላ፣ ደንበኛው መነጽሩን በኪሱ ከትቶ እየወጣ ሳለ ምልክቱን አድርጋ ነበር። አባባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «ሳያይ አየ አልሽለት?» አሏት። ሽርጧን እንደታጠቀች እስከ መንገዱ ጥግ ሮጣ ሰውየውን መልሳ አመጣችው።

የመጨረሻው መነጽር ግን የራሳቸው የአባባ ነበር፤ የቅርብ ማያ። ቁጥሩን ነገሯት፣ ሞረደች፣ ፍሬሙ ውስጥ አስገባች። ያን ምሽት አነሡትና እጃቸው ላይ አገላብጠው፣ «ዓይኔ ደክሟል፤ ጠዋት አደርገዋለሁ» ብለው መልሰው ሰጧት። ጠዋት ከፎቁ አልወረዱም።

ልጃቸው ከሚሠራበት ሆስፒታል ለቆ የአባቱን ወንበር ሊይዝ መጣ። ባንኮው ላይ አዲስ ኮምፒውተር አኖረ፤ ከኋለኛው ክፍል ካለው አሮጌው ጋርም በኬብል አገናኘው። ያን ጊዜ የረዳችው ፕሮግራመር የሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛው ናት፤ ፕሮግራሙንም ገና ተማሪ ሳለች ለአባባ የጻፈችላቸው እሷው ነበረች። ቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ካበጀ ወዲህ ነው እንግዲህ ይህ «ማስቀመጥ አልተቻለም» የሚሉት በሽታ የገባው።

ሞራጇ ግን በየጠዋቱ ለማንም ያልነገረችው ሥራ ነበራት። በኋላ በር ትገባለች፣ ሽርጧን ታጠልቃለች፣ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፣ የአባባን ካርድ ታወጣለች። «ተረክቧል» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ የማውሷ ቀስት ወደ «አስቀምጥ» ስትሄድ እጇ ይከዳታል። ካርዱን እንደተከፈተ ትተወውና፣ «ቆይ፣ ድንጋዩን ላስነሣና እመለስበታለሁ» እያለች ስክሪኑን ብቻ አጥፍታ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ማታ ስትወጣ ምልክቱን ሰርዛ ትዘጋዋለች። ጠዋት ደግሞ እንደ አዲስ።

ይህን ለሐኪሙ ልትነግረው ያሰበችበት ቀን ነበር። ከአባባ ሞት በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ደንበኛውን ሁሉ ከመንገድ አጥቦ በወሰደበት ቀን፣ «ነይ፣ ያንቺን ዓይን ማንም አይቶት አያውቅም» ብሎ በመመርመሪያው ወንበር አስቀመጣት። አገጯን መደገፊያው ላይ አድርጋ፣ እሱ በመሣሪያው ማዶ፣ መሐላቸው አንዲት ነጠብጣብ ብርሃን ብቻ ሆና ሳለ ዓይኗን ሲያይ ቆየ። ምርመራ እንዲህ እንደማይረዝም ታውቃለች።

«ጤነኛ ነው ወይ፣ ዶክተር?» አለችው።

«አንተ በዪኝ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በሌለበት «አንተ» ትለው ነበር። ሌላ የተባባሉት የለም፤ የካርዱም ነገር ሳይነሣ ቀረ። ያቺው አንዲት «አንተ» ግን ጠዋት ከአልጋዋ የምታስነሣት እሷ ነበረች።

የፕሮግራመሯን ጫማ ሞራጇ ከማንም ጫማ ለይታ ታውቀዋለች። ደፍ ላይ ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ ይልና ሳቋ ከሰውነቷ ቀድሞ ይገባል። «ነይልኝ» በተባለችበት ቀንም ሞራጇ ያን ድምፅ ስትሰማ ሮጣ ስክሪኗን አበራች፤ ምልክቱን ሰረዘች፣ የአባባን ካርድ ዘጋች። የሌላውን ሁሉ ካርድ ብታይ ግድ የላትም፤ ያቺ ሴት በአባባ ስም ላይ ዓይኗን እንድትጥል ግን አልፈለገችም።

«የት አለ በሽተኛው?» አለች ፕሮግራመሯ። ቦርሳዋን ባንኮው ላይ ጣለች፤ ወንበር ስባ ከሐኪሙ ጎን ተቀመጠች። «በል አሳየኝ፣ አንተ ቀርፋፋ።»

ሐኪሙ የሾፌሩን ካርድ ሞላ። አስቀምጥ አለ። ተቀመጠ።

«እንዴ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ተቀመጠ። ሾፌሩ ቆሞ እያየ፣ «ጥርስ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ሕመሙ ጥፍት ይላል፤ እንደዚያ ነው» አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ፕሮግራመሯ ከት ብላ ሳቀች። «እኔን ሲያይ ይሽኮረመማል እንዴ ይህ ማሽን?»

በደረጃው ላይ የእናትየው እግር ተሰማ። እናትየው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ ሱቁ የሚወርዱት ፕሮግራመሯ ስትመጣ ብቻ ነው። የባለመነጽር ሚስት ናቸው፣ ዓይናቸው ላይ ግን መነጽር የለም፤ ልጃቸው ልይልሽ ባለ ቁጥር፣ «አሁን ምን የማየው ቀረና» ይሉታል። ደረጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ወርደው የፕሮግራመሯን ጉንጭ ሳሙ።

«ማሽንም እንደ ሰው ወዳጁን ያውቃል» አሉ። «አንቺ እግርሽን ካሳረፍሽበት ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። ይህ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚጎድለው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መለስ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ሻይ አምጪልን» አሉ።

ሞራጇ የመስታወት ዱቄት ያለበትን እጇን ታጠበችና ሻዩን ይዛ መጣች። ደርሳ ሳለ ፕሮግራመሯ ለሐኪሙ፣ «በል የመጨረሻ ሙከራ፤ የሆነ ስም ጻፍ» ስትለው ሰማች። ሐኪሙ ጻፈ። ቀና ሲል ሞራጇን ትሪ እንደያዘች አያት፤ ፊቱ ፍም መሰለ፤ ትከሻውንም አዙሮ ስክሪኑን ከለለው። ፕሮግራመሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፈነች።

ከለለባት። ምን ቢጽፉ ነው? በሱቁ ውስጥ ከሷ የሚደበቅ ምን ነገር ኖሮ ያውቃል?

«ትሪውን እኔ ልያዝልሽ» አለ ሐኪሙ ብድግ ብሎ።

«ይተዉት፣ ዶክተር። እርስዎ ሥራ ይዘዋል» አለች።

በ«እርስዎ» ውስጥ የነበረውን ስለት ከሱ በቀር ማንም አልሰማውም። ሻዩን አስቀምጣ ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች። 

እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። እሑድ ከሰዓት የፀጉር ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ የሞራጇን ፀጉር እየፈታች ወሬውን ሁሉ ሰማች። ወሬ ስትሰማ ማበጠሪያዋን ታቆማለች።

«ቆይ፣ ይግባኝ። ማሽኑ የሚበላሸው ያቺ ባለ ኬብል ስትሄድ ነው፣ የሚድነው ስትመጣ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የታመመው ማሽኑ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እሱ ነዋ፣ አንቺ ቂል። ወንድ ልጅ ሰበብ ካጣ ደኅና ቧንቧ ይሰብራል። ‹ተበላሸብኝ፣ ነይልኝ።›»

«እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም።»

«ሁሉም እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ከዚያ ይሆናል።» ማበጠሪያውን ሳብ አደረገችው። «እናቱ ሻይ አምጪ ብላሻለች። እሱ ስክሪን ከልሎብሻል። ሌላ ምን ማስረጃ ፈለግሽ፣ ፎቶግራፍ?»

 ቅናት ክፉ ሒሳብ አዋቂ ናት፤ ሁለትና ሁለት ብትሰጧት ደምራ አንዲት ሴት ታወጣለች።

«ያ ሌንስ አቅራቢ» አለች እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፋብሪካው ሞራጅ ይፈልጋል ብሎሽ አልነበረም? ራቅ ያለ ከተማ ቢሆንም።»

«ብሎኛል።»

«ሂጂ። ወይ ይከተልሻል፣ ወይ ይተውሻል። ሁለቱም ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ ጆሮ ከመሆን ይሻላል።»

በመስታወቱ ውስጥ ሞራጇ ራሷን አየች። የተፈታው ፀጉሯ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖ፣ የቀረው ግማሽ የማታውቀውን ሰው መሰላት። ሰው ሲቀና እንዲህ ነው መሰል፤ ፊቱን ለሌላ ያውሳል።

ሰኞ ዕለት ነገረችው። የፊደል ሰሌዳውን መብራት እያጸዳ ነበር።

«ዶክተር፣ ሥራ ልለቅ ነው። ፋብሪካ ሞራጅ ይፈልጋሉ።»

ጨርቁ እጁ ላይ ቀረ። «መቼ?»

«ሳምንቱን ጨርሼ።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

ጥያቄው እንደዚህ ይመጣል ብላ አላሰበችም። «ሥራ ነው ያልኩት፣ ሰው አላልኩም።»

«አቅራቢው ሌንስ ባመጣ ቁጥር አንቺን ካላየ አይሄድም። ሁለት ሌንስ ለመቁጠር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አልሰማም መሰለሽ? መጋረጃ እኮ ለሁለቱም ወገን መጋረጃ ነው።»

አንጀቷ ውስጥ ክፉ ደስታ ብልጭ አለ። እሱም እንደሷ ጆሮ ሆኖ ሰንብቷል ማለት ነው። «አቅራቢው የልብ ሰው ነው» አለች፣ ያላሰበችውን እያከለች። «ሳቁን ለሁሉ ቤት አያዞርም። ስክሪንም አይከልልም።»

«ስክሪን?»

«ይሂዱ እርስዎ፣ ማሽኑ እንዳይበላሽብዎ። የሚጠሩት ሰው አያጡም።»

«ይህን ‹እርስዎ› ምን አምጥቶ ጣለብኝ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «አንዲት ነገር ነበረችኝ፣ እሷንም ወሰድሽብኝ።»

 ዞራ ሄደች። እሱ ያንኑ መብራት ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ከጠራ ሰንብቶ ነበር።

የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ በኋላ በር ገባች። ሽርጧን ታጠቀች። ዛሬ የግድ መጨረስ አለባት፤ ነገ ይህ ወንበር የሌላ ሰው ነው። የአባባን ካርድ ከፈተች። ምልክቱን አደረገች። ቀስቷን ወደ «አስቀምጥ» ወሰደች፤ እዚያ ላይ አቆመቻት። ከመሳቢያዋ ውስጥ በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለው መነጽር የሚያያት መሰላት። «ሳያይ አየ አልሽለት?» እጇን መለሰች። ስክሪኑን አጠፋች።

ከመጋረጃው ወዲያ የቁልፎች ጠቅጠቅታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሐኪሙ ድምፅ፦ «ያውልሽ። እምቢ አለ።»

«ተወው፣ እንዳትነካው» አለች ሌላ ሴት። «አሁን ራሱ ይናገራል።»

 ፕሮግራመሯ ናት። ሱቁ ሳይከፈት መጥታ፣ ጫማዋ ሳይሰማ፣ ሳቋ ሳይቀድማት ተቀምጣ ኖሯል። ሞራጇ ስክሪኗን ለማብራት እጇን ዘረጋች፤ ግን ዘግይታለች።

«አዲስ መልእክት ጨምሬበታለሁ፤ ሲታገድ ማን እንዳገደው እንዲነግረኝ» ትላለች ፕሮግራመሯ። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹ፋይሉ በኋለኛው ክፍል ኮምፒውተር ተይዟል።›»

 ደረጃው ሲጥ ሲጥ አለ። እናትየው ሰምተዋል።

«እኔ ብያለሁ» አሉ ሳይወርዱ። «ቤት የሚያምሰው የቤት ሰው ነው። ልትሄድ ስትል ደግሞ እሾህ ተክላብን ልትሄድ። ልጄን በደንበኛ ፊት ስታዋርደው ከርማለች ማለት ነው እኮ።»

«እማዬ፣ ተይ» አለ ሐኪሙ፤ መጋረጃውን ግን ገልጦ ገባ። ሞራጇ በጠፋው ስክሪን ፊት ቆማለች፤ ሁለት እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃለች። አያት። ለመቆጣት ነበር የመጣው፤ ፊቷን ሲያይ ቁጣው የሚቆምበት አጣ።

«እኔን ለመቅጣት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ እንዳትመጣ ነው፣ ወይስ እንድትመጣ? ንገሪኝ፤ የመጣው ይምጣ፣ እችለዋለሁ።»

«አላወቅሁም» አለች። «እኔ እንደሆንኩ አላወቅሁም።»

«አብሪውና ልየው።»

አበራችው። በስክሪኑ ላይ የአባቱ ስም ወጣ። የተወለዱበት ዓመት፣ የቀኝ ዓይን፣ የግራ ዓይን፣ የቅርብ ማያ፣ እና ከታች፣ ከ«ተረክቧል» ጎን፣ አንዲት ምልክት።

ፕሮግራመሯ ከሐኪሙ ትከሻ ኋላ ሆና አየችው። የሷም ፊት ሳቁን ጥሎ ነበር። «ገባኝ» አለች ለስለስ ብላ። «ምልክቱን አድርገሽ ሳታስቀምጪ ስትተዪው፣ ፕሮግራሙ ‹ገና እየጻፈች ነው› ብሎ ይጠብቅሻል። የሁሉም ሰው ካርድ ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ ለሌላ ሰው አይለቀውም። እኔ ስመጣ ደግሞ ትዘጊዋለሽ፣ አይደል? ለዚህ ነው ለኔ የሚታዘዘው።» ራሷን ነቀነቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት ሰው ይሠራበታል ብዬ አልጻፍኩትም፤ ያኔ ያላችሁት አንድ ማሽን ነበር።»

«ለምን ነው የማትዘጊው?» አለ ሐኪሙ። ጥያቄው ለሞራጇ ነው፤ ዓይኑ ግን ከአባቱ ስም ላይ አልተነሣም።

«አላደረጉትማ» አለች ሞራጇ። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። «‹አየሁ› አላሉኝማ። ዘግቼው ልጨርስ ብዬ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ሳያዩ እንዴት አዩ ልበል? አንዴ እንዲህ አድርጌ እስከ መንገድ አስሩጠውኛል። አሁን ወዴት ሮጬ ልመልሳቸው?»

 ጎንበስ ብላ መሳቢያዋን ሳበች፤ ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታች። መነጽሩ እንደ ትናንት ሥራ ያብለጨልጭ ነበር። ለሐኪሙ ሰጠችው። እሱም የማያውቀውን ነገር እንደሚይዝ ሰው በሁለት እጁ ተቀበለውና ዓይኑ ላይ አደረገው።

«ምንም አይታየኝም» አለ። የወጣት ዓይን ነው፣ የአባቱ ቁጥር አይሆነውም። «ሁሉ ጉም ነው።» ሲያወልቀው ጉሙ ከመነጽሩ ብቻ እንዳልነበር ታወቀ።

የእናትየው እጅ ከመጋረጃው መሐል ተዘረጋ። «ወዲህ በል» አሉ።

መነጽሩን አደረጉት። ትንሽ ሰፋቸው፤ በጣታቸው ደገፉት። መጀመሪያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው የባላቸውን ስም አዩ፤ ከንፈራቸው ሳይሰማ ስሙን አነበበ። ከዚያ ወደ ሞራጇ ዞሩ። ፊቷን አላዩም፤ ያዩት ከሽርጧ የወጡትን እጆቿን ነበር። አንዱን እጇን አነሡና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጣቶቿ ላይ መስታወት የሠራው ቀጫጭን ጭረት አለ፤ አሮጌው ነጭ፣ አዲሱ ቀይ።

«ይህ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቴ፣ እትዬ።»

«በዚህ እጅ ነው ሻይ ስታመጪልኝ የኖርሽው?»

 እናትየው እጇን አልለቀቁትም። ከባላቸው ሞት ወዲህ በፎቁ ላይ አንድም ቀን በሰው ፊት ያላፈሰሱት እንባ ከመነጽሩ ሥር ወረደ።

«አየሁ» አሉ።  «በሱ ቦታ እኔ አይቻለሁ። ዝጊለት፣ ጉንዳን።»

ያን ስም ከአባባ አፍ በቀር ከማንም ሰምታው አታውቅም። ቀስቷን ወሰደች፤ ይህን ጊዜ እጇ አልከዳትም። አስቀምጥ። ካርዱ ተዘጋ። አንዲት ትንሽ መስኮት ስትዘጋ ቤቱ እንዲህ ይሰፋል ብሎ ማን ይገምታል?

ፕሮግራመሯ ሳትታወቅ ወደ ባንኮው ተመልሳ ኖሮ፣ «ተቀመጠ» ስትል ተሰማ።

እናትየው መነጽሩን ሳያወልቁ ወደ ደረጃው ሄዱ። በእጃቸው ግድግዳውን አልዳበሱም። «ሻዩን ዛሬ እኔ ነኝ የማመጣው» አሉ ከላይ። «ተቀምጣችሁ ጠብቁ።»

«አንቺ ደግሞ ነይና አንድ ነገር እይ» አለች ፕሮግራመሯ ሞራጇን። «የሙከራ ካርዶቹን ልሰርዛቸው ነው። ከመሰረዜ በፊት ባለቤታቸው ትያቸው ብዬ ነው።»

«አንቺ፣ ተይ» አለ ሐኪሙ ደንግጦ፤ ትከሻውን ሊያዞር ነበር፣ ግን አሁን ስክሪኑ ከሱ ርቋል።

ሞራጇ አየች። የራሷ ስም ነው። ከሥሩም የራሷ ስም። ከዚያም ሥር።

«‹የሆነ ስም ጻፍ› ባልኩት ቁጥር ሌላ ስም አይመጣለትም» አለች ፕሮግራመሯ። «ፋይሉ ውስጥ አንቺ ብቻ ሰፈር ሞልተሻል። ‹ንገራት› እለዋለሁ፤ ‹ነገ› ይለኛል። ቀርፋፋ የምለው ለምን መሰለሽ?» ቦርሳዋን አነሣች። ደፉ ላይ ስትደርስ ጫማዋ ጠብ ጠብ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሞራጇ አላዳመጠችውም።

ሁለቱ ቀሩ። ሐኪሙ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«አቅራቢውስ?» አለ ስክሪኑን እያየ።

«ምን አቅራቢው?»

«የልብ ሰው ያልሽው።»

«ሌንስ ያቅርብ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው።»

«ፋብሪካውስ?»

«‹አትመጣም› ብለህ አንተ ካልደወልክላቸው እኔ ምን ብዬ እደውላለሁ?»

«አንተ» ስትል ዓይኑን ጨፈነ፤ ብርሃን እንደበዛበት ሰው። ሲገልጠው ወደ ቁልፎቹ ዞረ። «ደኅና መሆኑን አንዴ ልሞክረው» አለና መጻፍ ጀመረ። ሞራጇ ከትከሻው በላይ አየችው። ያው ስም ነው።

«ደግሞ እኔን? ሌላ ስም ጻፍ።»

«የማንን?»

አሰበች። የሳቅ ድምፅ፣ ደፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ጫማ፣ በስልክ «ነይልኝ» የሚል ቃል ሁሉ በፊቷ አለፈ። ከነሱ የደመረችው ሁሉ ውሸት እንደነበር አሁን ታውቃለች፤ ቢሆንም ከውስጧ ጥግ ያቺ ክፉ ሒሳብ አዋቂ ገና አልወጣችም ነበር።

«የፈለግኸውን» አለችው፣ እጇን ትከሻው ላይ እያሳረፈች። «ብቻ ሴት አትሁን።»